«ኃይሉ» እና «ሀይሉ» አንድ መሆናቸውን ለኮምፒውተር ማስረዳት
በቱሉ ዲምቱ ለሶፍትዌር ሠሪዎችና ለመዝገብ ያዦች የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ! ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን፣ ከቃሊቲ የመጣችሁ፣ እንዲሁም ከመሀል ከተማ በቅዳሜ ከሰዓት ትራፊክ እስከዚህ ድረስ የለፋችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ ቁጭ በሉ። ፕሮጀክተሩ ባይኖርም ችግር የለም፤ ነጭ ሰሌዳ አለን፤ ለዛሬው ነገር ሰሌዳው ይሻላል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ኮድ ይጽፋል። ሌላው መዝገብ ይይዛል፦ የእድር ጸሐፊ፣ የክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ የቁጠባ ማኅበር ሒሳብ ያዥ፣ ዕቃ በሞተር ለሚያደርሱ ልጆች አድራሻ የሚጽፍ። ሁለታችሁንም ሁልጊዜ የሚገጥማችሁ አንድ ጥያቄ ነው፦ እነዚህ ሁለት ጽሑፎች አንድ ሰው ናቸው ወይስ ሁለት ሰው? አንድ ቦታ ናቸው ወይስ ሁለት ቦታ?

እስቲ እኔም ልጠይቃችሁ። «ኃይሉ» በብዙኃኑ ኀ፣ «ሀይሉ» በሃሌታው ሀ። አንድ ስም ነው ሁለት? አንድ ነው፣ አላችሁ። ጥሩ። «አበበ» እና «አበበች»ስ? ሁለት! አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት።

አሁን ይህንኑ ኮምፒውተሩን እንጠይቀው። በጣም የታወቀውን መለኪያ፣ የሌቨንሽታይን ርቀት የሚባለውን እንውሰድ፤ አንዱን ጽሑፍ ወደ ሌላው ለመቀየር ስንት ፊደል መተካት፣ መጨመር ወይም መሰረዝ እንደሚያስፈልግ ይቆጥራል። «ኃይሉ»ን ወደ «ሀይሉ» ለመቀየር አንድ ፊደል መተካት ይበቃል፤ ርቀቱ 1 ነው። ተመሳሳይነት የምንለው ርቀቱ ለረጅሙ ስም የፊደል ብዛት ተካፍሎ ከ1 ሲቀነስ ነው፤ ስሙ ባለ 3 ፊደል ስለሆነ 1 ሲቀነስ አንድ ሦስተኛ፣ ማለት 0.67። «አበበ»ን ወደ «አበበች» ለመቀየር አንድ ፊደል መጨመር ነው፤ ርቀቱ አሁንም 1። ረጅሙ ስም 4 ፊደል ስለሆነ ተመሳሳይነቱ 0.75። አያችሁ? ማሽኑ የሚለን ወንዱና ሴቷ ይበልጥ ይመሳሰላሉ ነው! አንዱ ሰው ግን ከራሱ ጋር ያን ያህል አይመሳሰልም!

መለኪያው አልተበላሸም። የተጠየቀውን በትክክል ቆጥሯል። የተበላሸው እኛ ያቀረብንለት ጽሑፍ ነው። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። በመጀመሪያ ከመለካት በፊት ምን እንደሚደረግ፣ ቀጥሎ መለኪያዎቹ ምን ምን እንደሚቆጥሩ፣ ሦስተኛ የእኛ ፊደል ለእነዚህ መለኪያዎች ለምን እንደሚከብዳቸው፣ በመጨረሻ ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ምን እንደምናደርገው እናያለን።

አንደኛ፦ ሳታስተካክሉ አትለኩ

ሞክሼ ፊደሎቻችንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። በዚያ ላይ በሀ ቤትና በአ ቤት ግዕዙና ራብዑ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ «ሀ» እና «ሃ»፣ «አ» እና «ኣ»።

«ዓለምፀሐይ» የሚለውን ስም አስቡት። የመጀመሪያው ፊደል በ4 መንገድ ይጻፋል፦ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ። ፀ በ2 መንገድ። ሐ ደግሞ በ6፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። 4 ጊዜ 2 ጊዜ 6፣ 48 አጻጻፍ! ለጆሮ ሁሉም አንድ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ዓለምፀሐይ» ብሎ፣ ሌላው «አለምጸሃይ» ብሎ ቢመዘግብ ከ6 ፊደል 3ቱ ይለያያሉ፤ ተመሳሳይነቱ 0.5 ይሆናል። የእድር መዋጮ በአንዱ ስም ተከፍሎ በሌላው ስም «አልከፈሉም» ተብሎ የሚለጠፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ዩኒኮድ ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የኮድ ቁጥር የሚሰጥ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ብዙ ፕሮግራመሮች «አጻጻፍን ወደ አንድ የሚያመጣ የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን አለ አይደል?» ይላሉ። አለ፤ ግን ይህን አይፈታም። ለዩኒኮድ ሀ እና ሐ ልክ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ አንዱን ወደ ሌላው የሚወስድ ሕግ በውስጡ የለም። ሠንጠረዡን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው፦ ሐ እና ኀ ከነሰባቱ ቤታቸው ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፤ ከዚያ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ።

እዚህ ላይ ሦስት ወጥመድ አለ። አንደኛው ኸ ነው። ብዙ ሰው ኸን ከነቤቱ ወደ ሀ ይጠቀልለዋል። ራብዑ ኻ እንደ ሃ ይነበባል፤ እሱ ይሂድ። ግዕዙ ኸ ግን ድምፁ ሌላ ነው፤ እሱን ተዉት። ሁለተኛው ዲቃላ ፊደላቱ ናቸው፦ ጐ እና ጎ፣ ኰ እና ኮ፣ ቈ እና ቆ። «ጐንደር» እና «ጎንደር» በየመዝገቡ ተደባልቀው ታገኟቸዋላችሁ። «ቋ» እና «ቁዋ»፣ «ጓ» እና «ጉዋ» ደግሞ የፊደሉን ብዛት ራሱ ይቀይራሉ፤ ስለዚህ አንድ ፊደል በአንድ ፊደል የሚተካ ሠንጠረዥ አይበቃም፤ ጥንዶቹን አስቀድሞ የሚያጥፍ መስመር ያስፈልጋል። ሦስተኛው ወጥመድ ከሁሉም ይከፋል፦ የተስተካከለውን ጽሑፍ በዋናው ላይ መጻፍ። አታድርጉት! ሰውየው ስሙን በንጉሡ ሠ የሚጽፍ ከሆነ ደረሰኙም መታወቂያውም ላይ በንጉሡ ሠ ይውጣለት። የተስተካከለው ለማነጻጸር ብቻ ነው፤ በሌላ ዓምድ ይቀመጥ።

ከፊደሉ ቀጥሎ ምልክቶቹ አሉ። ሁለት ነጥብ (፡)፣ ድርብ ክፍት ቦታ፣ ከኤክሴል ተቀድቶ የሚመጣ ዓይን የማያየው ምልክት፣ ሁሉም ወደ አንድ ክፍት ቦታ ይጠቅለሉ። አቶ፣ ወ/ሮ፣ ወ/ት፣ ዶ/ር ይነሱ። አሕጽሮቱ ግን በማንሳት አያልቅም፤ መዘርዘር አለበት። «ገ/» ሲሆን ገብረ ነው፤ «ኃ/» ሲሆን ኃይለ። «ወ/»ስ? ለወንድ ወልደ ነው፤ ለሴት ወለተ ሊሆን ይችላል። «ተ/ማርያም»ስ? ተክለ ማርያም ወይስ ተስፋ ማርያም? አይታወቅም። ስለዚህ ኮዱ አንዱን መርጦ መደምደም የለበትም። ሁለቱንም ይዘርዝር፣ ሁለቱንም ይለካ፣ የተሻለውን ውጤት ይያዝ። መጀመሪያ ግን «ወ/ሮ» እና «ወ/ት» መነሳታቸውን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ «ወልደሮ» የሚባል ሰው ትፈጥራላችሁ። ትስቃላችሁ፤ ኮዱ ግን አይስቅም፣ ይመዘግባል።

የቆየ ፋይል ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከዩኒኮድ በፊት የተጻፉ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ሰነዶች ስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን የላቲን ኮድ ነው። ፎንቱን ስትቀይሩት ጽሑፉ ወደ ዝብርቅርቅ ምልክት ከተለወጠ ያ ነው። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ፤ ከዚያ በፊት የሚለካ ነገር የለም።

ሁለተኛ፦ መለኪያዎቹ ምን ይቆጥራሉ?

ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን የሶቪየት የሒሳብ ሊቅ ነበር። በ1965 ርቀቱን ሲያቀርብ (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሚያስበው ስለ ስም ዝርዝር አልነበረም። በመስመር ላይ ሲተላለፍ ቢት የሚጠፋበት ወይም የሚጨመርበት መልእክት እንዴት እንደሚታረም ነበር የሚያስበው። ከእሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1964፣ ፍሬድሪክ ዳሜራው የተባለ ተመራማሪ የፊደል ስሕተቶችን መርምሮ 80 በመቶ ያህሉ ከአራቱ አንዱ መሆኑን ጽፏል፦ አንድ ፊደል ተጨምሯል፣ አንድ ተዘሏል፣ አንድ ተቀይሯል፣ ወይም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደላት ቦታ ተለዋውጠዋል። የመጨረሻውን እንደ አንድ ስሕተት የሚቆጥረው የዳሜራው ነው፤ ሌቨንሽታይን ሁለት ብሎ ይቆጥረዋል።

ስሌቱ በሰሌዳ ላይ እንዲህ ነው። «ቂሊንጦ»ን ከ«ቅሊንጡ» ጋር እናስተያይ። 5 በ5 ሠንጠረዥ አሰምሩ፤ አንዱ ተጨማሪ ረድፍና ዓምድ ለባዶ ነው። የላይኛውን ረድፍና የግራውን ዓምድ ከ0 እስከ 4 ሙሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ሳጥን ከሦስት ትንሹን ይወስዳል፦ ከግራው ሲደመር 1፣ ከላዩ ሲደመር 1፣ ወይም ከግራ ላዩ ሰያፍ ሲደመር 0 ፊደሎቹ አንድ ከሆኑ፣ ሲደመር 1 ካልሆኑ። የመጨረሻው የቀኝ ታችኛ ሳጥን ርቀቱ ነው። እዚህ 2 ይወጣል። ይህን ሠንጠረዥ ቫግነርና ፊሸር በ1974 አሳትመውታል፤ ዛሬም በየላይብረሪው፣ ማለት ተዘጋጅቶ በሚወሰደው የኮድ ስብስብ ውስጥ ያለው መሠረቱ እሱ ነው። በማስታወሻ መያዝ ያለባችሁ ሁለት ረድፍ ብቻ ነው፤ ሙሉውን ሠንጠረዥ መያዝ ብክነት ነው። «ከ2 በላይ ከሆነ አልፈልግም» የምትሉ ከሆነም የአንድ ረድፍ ትንሹ ቁጥር ከ2 ሲበልጥ አቁሙ፤ ከዚያ ወዲያ አይወርድም።

አሁን ፕሮግራመሮች ስሙኝ! የምትጠቀሙበት ፋንክሽን ፊደል ነው የሚቆጥረው ባይት? ባይት ኮምፒውተሩ ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት ትንሽ ክፍል ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ አቀማመጥ 3 ባይት ይይዛል። የፓይተን ቋንቋ ሦስተኛው ሥሪት የሚቆጥረው ፊደል ነው። የፒኤችፒው የሌቨንሽታይን ፋንክሽን ግን ባይት ነው የሚቆጥረው። ታዲያ ምን ይሆናል? የዘወትር ፊደሎቻችን ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ምንም የማይገናኙ ሁለት ባለ 3 ፊደል ስሞች እንኳ ቢያንስ 0.33 ያገኛሉ፤ በነጻ! «ተፈራ» እና «ተፈሪ» ደግሞ ከ9 ባይት በ1 ብቻ ስለሚለያዩ 0.89 ይወጣሉ። መቁረጫ ነጥባችሁን፣ ማለት ከዚያ በላይ ያለው «አንድ ነው» የሚባልበትን ቁጥር፣ 0.85 ላይ አድርጋችሁ ከሆነ ተፈራና ተፈሪ አንድ ሰው ሆነው ያድራሉ።

ሌላው መለኪያ ጃሮ ነው፤ ሁለቱ ስሞች በተቀራራቢ ቦታ ላይ የሚጋሯቸውን ፊደላት ይቆጥራል። ማቲው ጃሮ ለአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ማገናኛ የሠራው ሲሆን፣ ዊሊያም ዊንክለር በ1990 አንድ ጉርሻ ጨመረበት፦ ሁለት ስሞች ከመጀመሪያቸው እስከ 4 ፊደል ከተጋሩ ለእያንዳንዱ የጋራ ፊደል እስከ 1 ከቀረው ክፍተት አንድ አሥረኛ ይጨመርላቸዋል። ሐሳቡ «ሰው ስም ሲጽፍ መጀመሪያው ላይ ብዙ አይሳሳትም» ነው። ለእነሱ ይሠራል። ለእኛስ?

«ገብረመድህን» እና «ገብረማርያም»ን ለኩ። ሁለቱም 7 ፊደል ናቸው። የሚጋሩት «ገብረ»ን፣ 3 ፊደል። ጃሮ 0.62 ይሰጣል። የዊንክለር ጉርሻ ሲጨመር 0.73 ይሆናል። ሁለት ፍጹም የተለያዩ ሰዎች፣ ገብረ ስለተባሉ ብቻ ተሸለሙ! በአገራችን ደግሞ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ ስንት ነው? ይባስ ብሎ አንዳንድ ላይብረሪዎች ጉርሻውን የሚጨምሩት ጃሮው ከ0.7 ሲያልፍ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሁልጊዜ ይጨምራሉ። ስለዚህ ያው ጥንድ ስም በአንዱ ላይብረሪ 0.62፣ በሌላው 0.73 ነው። ላይብረሪ ስትቀይሩ መቁረጫ ነጥባችሁን ይዛችሁ አትሻገሩ። በስም ላይ የዊንክለርን ጉርሻ እኔ አልጠቀምም። የግድ ከሆነ ግን ገብረን፣ ወልደን ነጥላችሁ ለብቻው ቃል አድርጉና የቀረውን ለኩ።

ትራይግራም በሚባለው መለኪያ ፈጠን ብዬ ልለፍ፤ ፖስትግሬስ በሚባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራም ውስጥ ስላለ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቃሉን በሦስት በሦስት ፊደል ይቆርጠዋል፤ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ክፍት ቦታ ጨምሮ። ከዚያ የጋራውን ቁራጭ ብዛት ለጠቅላላው የተለያየ ቁራጭ ብዛት ያካፍላል። ይህ ማካፈል ስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፖል ጃካር የሁለት አካባቢ ዕፅዋትን ለማስተያየት ያወጣው ነው። «አበበ» 4 ቁራጭ፣ «አበበች» 5 ቁራጭ አላቸው፤ 3ቱ የጋራ፣ በጠቅላላው 6፤ ውጤቱ 0.5። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ግን የሚጋሩት 1 ቁራጭ ብቻ ነው፤ ከ7 አንዱ፣ 0.14። የፖስትግሬስ መነሻ መቁረጫ 0.3 ስለሆነ ኃይሉን የፈለገ ሰው ሀይሉን ጨርሶ አያገኘውም። ከተስተካከለ በኋላ ግን 1 ነው። በተጨማሪ የእኛ ስሞች በፊደል ብዛት አጫጭር ናቸው፤ ለ3 እና ለ4 ፊደል ስም በሁለት በሁለት መቁረጥ ይሻላል። ትራይግራም ለረጅም ነገር፣ ለአድራሻ፣ ለዕቃ ስም ይሁን።

ሦስተኛ፦ የእኛ ፊደል በአንዱ ውስጥ ሁለት ነው

ይህ ነጥብ የዛሬው ዋና ጉዳዬ ነው፤ ታገሡኝ።

እነዚህ መለኪያዎች የተሠሩት ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ለሚጻፍበት ጽሕፈት ነው። በእኛ አንድ ፊደል ውስጥ ሁለቱም አሉ። በሌቨንሽታይን ዓይን «ዬ» ወደ «የ» ቢቀየር፣ «ዬ» ወደ «ጠ» ቢቀየር እኩል 1 ነው። በእኛ ጆሮ እኩል ነው? በጭራሽ!

እዚሁ ሰፈራችንን እንይ። «ኮዬ ፈጬ» የሚል አለ፤ «ኮየ ፈጨ» የሚል አለ። ከ4 ፊደል 2ቱ ይለያያሉ፤ ውጤቱ 0.5። «ቂሊንጦ» እና «ቅሊንጡ»ም እንዲሁ 0.5። የኦሮምኛው አናባቢ በአማርኛ ጆሮ ሲሰማና በአማርኛ እጅ ሲጻፍ አንዱ በኃምስ፣ አንዱ በግዕዝ፣ አንዱ በሣልስ፣ አንዱ በሳድስ ያሰፍረዋል። ተነባቢው ግን አይናወጥም።

ስለዚህ ፊደሉን ወደ ተነባቢውና ወደ አናባቢው (ቤቱ) ፍቱት። ይህ ደግሞ ቀላል ነው፤ ምክንያቱም ዩኒኮድ ከ1999 ጀምሮ ፊደላችንን በስምንት በስምንት ቤት አሰልፎ አስቀምጦልናል። የፊደሉን ኮድ ለ8 አካፍሉ፦ ድርሻው ተነባቢው ነው፤ ቀሪው ቤቱ ነው። ቀሪ 0 ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ፣ 3 ራብዕ፣ 4 ኃምስ፣ 5 ሳድስ፣ 6 ሳብዕ። 7 እንደ ሏ እና ቷ ላሉት ነው። ዲቃላዎቹ ቈ፣ ኈ፣ ኰ፣ ጐ የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው ለእነሱ ብቻ ልዩ መስመር ጻፉ። ቁጥሮቹና ነጥቦቹም በዚያው ክልል ውስጥ ስላሉ አስቀድማችሁ ለዩአቸው።

«ቂሊንጦ» ሲፈታ 8 ምልክት ይሆናል፦ ቀ-ሣልስ፣ ለ-ሣልስ፣ ነ-ሳድስ፣ ጠ-ሳብዕ። «ቅሊንጡ»ም 8። ከ8 ሁለቱ ብቻ ይለያያሉ፤ ተመሳሳይነቱ 0.75 ሆነ። ጎረቤቱ «ቃሊቲ»ስ? ቂሊንጦና ቃሊቲ በፊደል ሲለኩ 0.25 ነበሩ፤ ሲፈቱ 0.375 ይሆናሉ። ተመልከቱ፦ አንድ የሆኑት ከግማሽ ወደ ሦስት አራተኛ ተሻገሩ፣ የተለያዩት ግን አሁንም ከግማሽ በታች ናቸው። መቁረጫ ነጥብ የምታስቀምጡበት ሰፊ ክፍተት አገኛችሁ።

ግን ቆዩ፤ አታጨብጭቡ። ያው መፍታት በሰው ስም ላይ ይጎዳል። «ተፈራ» እና «ተፈሪ» በፊደል 0.67 ነበሩ፤ ሲፈቱ 0.83 ይሆናሉ። «ለማ» እና «ለሚ»፣ «ብርሃኑ» እና «ብርሃኔ» እንዲሁ። ልዩነታቸው በአናባቢው ላይ ብቻ ነው፤ ሰዎቹ ግን ሌላ ሌላ ናቸው። ታዲያ ምን ይሻላል?

ለአናባቢ ለውጥ የተለያየ ዋጋ ስጡ። ተነባቢው ከተለወጠ ሙሉ 1። ተነባቢው አንድ ሆኖ ቤቱ ከተለወጠ 0.5። ሰው በተደጋጋሚ የሚያምታታው ጥንድ ከሆነ ደግሞ 0.2፦ ሣልስና ሳድስ፣ እንዲሁም በየ፣ በጨ፣ በሸ፣ በጀ ቤት ግዕዝና ኃምስ። «ተስፋየ» እና «ተስፋዬ» በ0.2 ይለያያሉ፤ «ተፈራ» እና «ተፈሪ» በ0.5። በቃል መጨረሻ ላይ ያለ የቤት ለውጥ በሰው ስም ውስጥ ብዙ ጊዜ ትርጉም አለው፤ እዚያ ላይ ከ0.5 ከፍ ብታደርጉት አልቃወምም፤ እነዚያን የየ እና የጨ ጥንዶች ሳይጨምር። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው፤ በራሳችሁ መዝገብ ፈትኗቸው። ለሰፈር ስም አናባቢውን አላሉት፤ ለሰው ስም አጥብቁት። ምክንያቱም የሰፈር ስም ዝርዝር ዝግ ነው፤ ከታወቁ ስሞች ለአንዱ የቀረበውን መምረጥ ነው ሥራችሁ። የሰው ስም ዝርዝር ግን ክፍት ነው።

ላቲንም አለ፤ በአጭሩ። ፊደልን ከላቲን ጋር በቀጥታ አትለኩ፤ ርቀቱ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ፊደሉን ወደ ላቲን በሠንጠረዥ ቀይሩ፣ ድርብ ሆሄያትን ወደ ነጠላ አጥፉ፤ ጥብቀት በአማርኛ ስለማይጻፍ አንዱ ሰው ሁለት አድርጎ፣ ሌላው አንድ አድርጎ ይጽፋል። እዚህ ዳር ከተማ ላይ ግን አንድ ሠንጠረዥ አይበቃችሁም። ከለገጣፎ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩ የሚመጣ ላቲን በቁቤ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። በቁቤ ኤክስ ጠ ነው፤ ሲ ጨ ነው፤ ኪው ቀ ነው። ይህን በእንግሊዝኛ አነባበብ የሚያይ ኮድ ለገጣፎን ከለገጣፎ ጋር ማገናኘት ያቅተዋል። ሁለት ሠንጠረዥ ያዙ፣ በሁለቱም ቀይሩ፣ የተሻለውን ውሰዱ። ሳውንዴክስ የሚባለውን በ1918 የባለቤትነት መብት የተሰጠውን የድምፅ ኮድ ለመጠቀም የምታስቡ ካላችሁ፣ እሱ የእንግሊዝኛ ተነባቢዎችን ለመመደብ የተሠራ ነው፤ ለፊደላችን አይሆንም። የእኛ ሳውንዴክስ የተነባቢው አጽም ነው፤ ቤቱን ሁሉ ወደ ግዕዝ መልሳችሁ የሚቀረው። «ተስፋዬ»ም «ተስፋየ»ም «ተሰፈየ» ይሆናሉ።

ይህ አጽም ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው። 10,000 አባላት ያሉት መዝገብ ውስጥ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ካስተያያችሁ 49,995,000 ጥንድ ነው። በአጽሙ የመጀመሪያ ሁለት ተነባቢ ከመደባችሁና በየምድቡ ውስጥ ብቻ ካስተያያችሁ፣ ምድቦቹ 100 ሆነው እኩል ቢከፋፈሉ 495,000 ብቻ ይቀራል። እውነተኛ ስም እኩል አይከፋፈልም፤ የአበበና የከበደ ምድብ ይወፍራል። ቢሆንም ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራውን ሥራ ሻይ እስክትጠጡ ያደርሰዋል።

አራተኛ፦ ቁጥሩ ከወጣ በኋላ

0.83 ማለት ምን ማለት ነው? 83 በመቶ አንድ ሰው ነው ማለት ነው? አይደለም! ፊደሎቹ ያን ያህል ይጋራሉ ማለት ብቻ ነው። «አበበ ከበደ» የሚል ስም በሁለት መዝገብ ላይ 1.0 ቢወጣ እንኳ ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል፤ ስንት አበበ ከበደ አለ? ብርቅ ስም በ0.9 ሲገጥም የተለመደ ስም በ1.0 ከሚገጥመው ይበልጥ ያሳምናል። ካረን ስፓርክ ጆንስ በ1972 ያቀረበችው ሐሳብ ይኸው ነው፦ በብዙ ቦታ የሚገኝ ቃል ክብደቱ ይነስ፣ ብርቁ ይክበድ። በአድራሻ ላይ «ኮንዶሚኒየም»፣ «ሳይት»፣ «ብሎክ» ክብደታቸው ወደ ዜሮ ይጠጋ፤ ሁሉም አድራሻ ላይ አሉ።

ስሙን ቃል በቃል አስተያዩ፦ የራስ ስም ከራስ ስም፣ የአባት ከአባት፣ የአያት ከአያት። በአንደኛው መዝገብ አያት ከሌለ አትቅጡት፤ ግን ከፍተኛውን ውጤት አትስጡት። የእድር ጸሐፊዎች ደግሞ የምታውቁት ነገር አለ፤ ቤተሰቡ በባል ስም ተመዝግቦ፣ ደረሰኙ በሚስት ስም የሚቆረጥበት። ያንን የትኛውም የፊደል መለኪያ አያገኘውም። ስልክ ቁጥር ወይም የቤት ቁጥር ያገኘዋል።

ቁጥርን በተመለከተ ይህን አስምሩበት፦ ቁጥር በተመሳሳይነት አይለካም! ቁጥር ወይ አንድ ነው፣ ወይ አይደለም። «ብሎክ 12» እና «ብሎክ 21» በዳሜራው ርቀታቸው 1 ነው፤ ሞተረኛው ግን ምሳችሁን ይዞ ሌላ ፎቅ ላይ ነው። ስልክም እንዲሁ፤ አንድ አኃዝ ሲለወጥ ሌላ ሰው ነው የሚያነሳው። ስልኩን አስተካክሉ፦ በ0 የሚጀምረውንም በ251 የሚጀምረውንም የመጨረሻ 9 አኃዝ ብቻ ያዙና እኩል መሆኑን ፈትሹ። የትውልድ ዓመት ከሆነ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ እወቁ፤ በ7 ወይም በ8 የሚለያዩ ዓመታት አንድ ሊሆኑ ይችላሉና።

መቁረጫ ነጥቡን ከየት እናምጣው? ከኢንተርኔት አይደለም። ከመዝገባችሁ 200 ጥንድ አውጡ፤ ከፍተኛ ውጤት ያላቸውም፣ መካከለኛም፣ ዝቅተኛም ይኑሩበት። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ «አንድ»፣ «ሁለት» እያለ ምልክት ያድርግባቸው። ከዚያ በየመቁረጫው ያለ አግባብ የተዋሐዱት ስንት፣ ሳይገናኙ የቀሩት ስንት ብላችሁ ቁጠሩ። የትኛው ይከፋል? በክሊኒክ የሁለት ሰው ካርድ መዋሐዱ ይከፋል፤ የአንዱ አለርጂ በሌላው ካርድ ላይ ይገባል። በስብሰባ ጥሪ ዝርዝር ላይ ከሆነ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ቢጠራ ምንም አይደል። ስለዚህ አንድ ነጥብ ሳይሆን ሁለት ነጥብ አስቀምጡ፦ ከ0.9 በላይ ሲሆንና ስልኩም ሲገጥም ማሽኑ ያገናኝ፤ ከ0.75 በታች ይለፍ፤ መካከሉን ሰው ይየው።

አንድ ነገር ቀረኝ። «ከበደ» ከ«ከበበ» ጋር በ1 ፊደል ይለያል። «ከበበ» ከ«አበበ» ጋር በ1 ፊደል ይለያል። ኮዳችሁ «የተቀራረቡትን ሁሉ አንድ ላይ አድርግ» ከተባለ ሦስቱንም በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል፤ ከበደም አበበም አንድ ሰው ይሆናሉ። ስለዚህ አዲስ ሰው ወደ ቡድን ሲገባ ከአንዱ አባል ጋር ሳይሆን ከሁሉም አባላት ጋር መቁረጫውን ያልፍ እንደሆነ ፈትሹ። ማንኛውም ማዋሐድ ደግሞ የሚፈታ ይሁን፦ ማን ከማን ጋር፣ በስንት ውጤት፣ በየትኛው ቀን፣ ማን እንዳጸደቀው በሌላ ሠንጠረዥ ይመዝገብ፤ የቀድሞዎቹ ሁለት መዝገቦችም አይሰረዙ።

ጊዜው ሄዷል። የሠንጠረዡን ኮድ የምትፈልጉ ፍላሽ ይዛችሁ ከሆነ አሁኑኑ መቅዳት ትችላላችሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ፤ ማይኩ በዚህ በኩል ካሉት ይጀምራል።